«ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ለምን ይታያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወዳጆቼ «የምትወደውን አንድ ሙዚቃዊ ፊልም ንገረን» ሲሉኝ መልሴ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»፣ «ጣሪያ ላይ ያለው ቫዮሊን ተጫዋች» ማለት ነው። ከመልሱ በኋላ የሚመጡብኝ ጥያቄዎችም ያው ናቸው። አንዳንዱ ከጉጉት፣ አንዳንዱ «ሦስት ሰዓት ሙሉ ዘፈን ልታሳየኝ ነው?» ከሚል ንጭንጭ ነው። ፍጻሜውን አስቀድማችሁ ማወቅ የማትፈልጉ ስለ ሦስቱ ልጆች የሚያወራውን መልስና የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ዝለሏቸው፤ ፊልሙን አይታችሁ ተመለሱ።

ታሪኩ ምንድን ነው?

ዘመኑ 1905 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቦታው በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት (ዛር) ግዛት፣ ዛሬ ዩክሬን በምንለው አገር ያለች አናቴቭካ የምትባል የአይሁድ መንደር። መንደሯ ልብ ወለድ ናት፤ የመሰሏት መንደሮች ግን ብዙ ነበሩ። ቴቭዬ የሚባል ወተት ሻጭ አለ፤ ጎልዴ የምትባል ምላሷ የማይቻል ሚስት፣ አምስት ሴት ልጆችና አንድ የሚያነክስ ፈረስ አሉት። ሦስቱ ትልልቅ ልጆች ለትዳር ደርሰዋል። በእነሱ ባህል ገንዘብ የሚጠበቀው ከሴቷ ወገን ስለሆነ አምስት ሴት ልጅ ማለት ለድሃ አባት አምስት ዕዳ ማለት ነው። ልጆቹ ግን አንድ በአንድ ራሳቸው መምረጥ ይጀምራሉ። ይህ በቤት ውስጥ ነው። በደጅ ደግሞ የዛሩ መንግሥት አይሁዶቹን ከያሉበት መንቀል ጀምሯል።

ፊልሙን ኖርማን ጁዊሰን አዘጋጅቶት በ1971 ወጣ።

ሙዚቃዊ ፊልም አልወድም። ሰው እያወራ ሳለ ድንገት ምን ሆኖ ነው የሚዘፍነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይመጣብኛል፤ ጠያቂውም አልተሳሳተም። ብዙ ሙዚቃዊ ፊልሞች ላይ ዘፈኑ ሲመጣ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል። ዘፋኙ ጨርሶ እስኪወርድ እኛም ሰዓት እናያለን።

እዚህ ግን ሰዎቹ የሚዘፍኑት ማንም በማይሰማበት ቦታ የሚያስቡትን ነው። «ሀብታም ብሆን ኖሮ» የሚለውን ታዋቂ ዘፈን ውሰዱ። ቴቭዬ ፈረሱ አንክሶበት፣ ሰንበት ሊገባ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ደክሞት ቤቱ ደርሷል። ጋጣው ውስጥ ብቻውን ነው። ከዶሮዎቹ በቀር ሰሚ የለውም፣ እግዜርንም ሰሚ ካላችሁት እሱ አለ። መጀመሪያ የሚመኘው ማንኛውም ድሃ የሚመኘውን ነው፤ ትልቅ ቤት፣ ግቢ ሙሉ ዶሮና ዳክዬ፣ የወፈረች ሚስት። ቤቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚወስድ ደረጃ፣ ወደ ታች የሚወስድ ከእሱ የረዘመ ደረጃ፣ ሦስተኛ ደግሞ የትም የማይወስድ፣ ለታይታ ብቻ የሚሠራ ደረጃ እንዲኖረው ይፈልጋል። እዚህ ጋ ሁላችንም እንስቃለን፤ እንዲህ ያለ ቤት የሠራ ሰው የማያውቅ ማን አለ?

ከዚያ ዜማው ዝግ ይላል። ሀብታም ቢሆን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ምኩራብ ገብቶ የሚጸልይበት፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ መጻሕፍቱን የሚያወራበት ጊዜ ነው። ሰውየው ወርቅ አልፈለገም፤ ለመማር ጊዜ ነው ያጣው። ይህን በንግግር ቢለው ኖሮ ስብከት ይሆን ነበር። እየጨፈረ ስለጀመረው ግን ሳንዘጋጅ ልባችን ውስጥ ይገባል። ቃል ሲያጥረው የሚያሰማው ያ ትርጉም የሌለው ጉርምርምታም ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ የጸሎት ዜማ የመጣ ነው፤ እዚያ ቃል አልባ ዜማ ራሱ እንደ ጸሎት ይቆጠራል።

ሌላም አለ፤ ይህን ያስተዋልኩት ሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው። የመጀመሪያው ክፍል በዘፈን የተሞላ ነው። መሐል ላይ ካለው ዕረፍት በኋላ ግን ዘፈኖቹ አራት ገደማ ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያጠሩና እያዘኑ ይሄዳሉ። መንደሩ ሲፈርስ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል። ሙዚቃዊ ፊልም የማይወድ ሰው በተለይ ይህን ፊልም ይየው የምለው ለዚህ ነው፤ ዘፈኑ ሲቀር ምን ያህል እንደሚጎድል ትሰማላችሁና።

ጣሪያው ላይ ያለው ቫዮሊን ተጫዋች ማን ነው?

ማንም አይደለም። አይናገርም፣ ስም የለውም፣ ከቴቭዬ በቀር የሚያየው ያለም አይመስልም። ቴቭዬ ራሱ መጀመሪያ ላይ ያስረዳችኋል፤ አናቴቭካ ውስጥ መኖር፣ አንገትን ሳይሰብሩ ጣሪያ ላይ ቆሞ አንድ ጥሩ ዜማ ለማውጣት እንደ መሞከር ነው። ሐሳቡ የመጣው ከማርክ ሻጋል ሥዕሎች ነው። ጣሪያ ላይ የቆመ ቫዮሊንኛ ከተወለደባት የቪቴብስክ ከተማ ትዝታ ጋር እየተመላለሰ በሥዕሎቹ ውስጥ ይታያል። በፊልሙ የምትሰሙት ቫዮሊን የአይዛክ ስተርን ነው፤ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ቫዮሊንኞች አንዱ።

ፊልሙ «ባህል ይከበር» ነው የሚለው ወይስ «ባህል ይቅር»?

ሁለቱንም አይልም። ሰዎች ተከራክረው የማይጨርሱትም ለዚህ ይመስለኛል። የመክፈቻው ዘፈን «ባህል» እያለ ይጮኻል፤ ቴቭዬ ግን የራስ መሸፈኛውንና የጸሎት ልብሱን ጠቅሶ «ይህ ባህል ከየት መጣ ብትሉኝ አላውቅም» ይላል፣ ፊቱም ፈገግ እንዳለ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚሟገትለትን ነገር መሠረት እንደማያውቀው ነግሮናል።

ከዚያ ሦስቱ ልጆች ይመጣሉ።

ጻይተል የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ለላዛር ቮልፍ ሊድራት ተስማምቷል። ላዛር ቮልፍ ባለ ልኳንዳ፣ ሀብታም፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ የአባቷ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። እሷ የምትፈልገው ግን ሞተል የሚባለውን ድሃ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪና እንኳ ገና የለውም። ቴቭዬ ይናደዳል። ከዚያ ለራሱ «በሌላ በኩል ደግሞ…» ይላል። ይህች አነጋገር የፊልሙ ሚዛን ናት። አንዱን ወገን ይመዝናል፣ ሌላውን ይመዝናል። ሲመዝን ካሜራው ከልጆቹ ያርቀዋል፤ እነሱ ሜዳው ማዶ ትንሽ ሆነው ቆመው ይጠብቃሉ። የአባትን የልብ ርቀት በእግር መንገድ ለክቶ ማሳየት የጁዊሰን ብልሃት ነው፤ መድረክ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። በመጨረሻ የልጁን ዓይን አይቶ ይፈቅዳል።

ሁለተኛዋ ሆደል ናት። የመረጠችው ፐርቺክ የሚባል አብዮተኛ ተማሪ ነው። እነዚህኞቹ ፈቃድ አልጠየቁም፤ «ምርቃትህን ብቻ ነው የምንፈልገው» ነው ያሉት። ሚዛኑ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይፈቅዳል። ፐርቺክ ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ ሲጋዝ ሆደል ልትከተለው ትነሳለች። በበረዶ በተሸፈነች ትንሽ የባቡር ማቆሚያ አባትና ልጅ ይሰነባበታሉ። ባቡሩ ሲሄድ ቴቭዬ ወደ ላይ ቀና ብሎ ለእግዚአብሔር አደራ ይሰጣል፤ ጠብቅልኝ፣ ልብሷንም ደረብ አድርጋ መልበሷን እይልኝ ይለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ብርዱ ማሰቡ፣ አባት ነው በቃ።

ሦስተኛዋ ኻቫ ናት፤ ፌድካ የሚባል ክርስቲያን ሩሲያዊ ትወዳለች። ሳይነገረው ተጋቡ። ቴቭዬ ሚዛኑን ያወጣል፤ «በሌላ በኩል ደግሞ…» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ሌላ በኩል የለም ብሎ ይጮኻል። ሚዛኑ ተሰበረ። ይህን ያህል ከታጠፍኩ እሰበራለሁ ይላል፤ ትቶአት ይሄዳል። ለቤተሰቡ ሞታለች።

ይህን ትዕይንት ያየ ሰው ሁሉ ይፈርዳል። ወጣት ሆኜ ስመለከተው በአባትየው ላይ ፈርጄ ነበር። አሁንም ልክ ነው አልልም፤ ግን ያ ሕዝብ በዚያ ዘመን ከምን አደጋ ጋር እየኖረ እንደነበር ፊልሙ አስቀድሞ አሳይቶኛል፤ ስለዚህ ቴቭዬን ጨካኝ ብዬ ማለፍ አቅቶኛል። ፊልሙ ፍርዱን ለእኛ ትቶታል።

የመድረክ ሥራ ነበር ይባላል። መጽሐፍም አለው?

ሁለቱም እውነት ነው። ሥሩ ሾለም አሌይኼም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሚናገሩት በይዲሽ ቋንቋ ከ1894 ጀምሮ የጻፋቸው የቴቭዬ ታሪኮች ናቸው። ጆሴፍ ስታይን ድርሰቱን፣ ጄሪ ቦክ ዜማውን፣ ሸልደን ሃርኒክ ግጥሙን ሠርተውት፣ ጀሮም ሮቢንስ አዘጋጅቶት በ1964 የኒው ዮርክ የቲያትር ሠፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ወጣ። 3,242 ጊዜ ታየ።

ታሪኮቹ ከፊልሙ ይልቅ መራራ ናቸው። እዚያ ላይ ጎልዴ ትሞታለች፣ ሞተል ይሞታል፣ ሽፕሪንጼ የምትባለው ልጅ ውኃ ውስጥ ገብታ ራሷን ታጠፋለች። ኻቫ ደግሞ በመጨረሻው ወደ አባቷ ትመለሳለች። መድረኩና ፊልሙ ሞቱን ቀንሰው መለያየቱን አቆዩት። እኔ ምርጫቸውን እደግፋለሁ፤ ስትመለስ ብናይ እፎይ ብለን ነበር የምንወጣው።

ዳይሬክተሩ አይሁዳዊ ነው?

አይደለም። ካናዳዊ ፕሮቴስታንት ነበር። የአባቱ ስም ግን «የአይሁድ ልጅ» የሚል ድምፅ ስላለው የፊልም ኩባንያው ሰዎች ሳይጠይቁት ነው አይሁዳዊ ያደረጉት፤ እሱም ሥራውን ከመቀበሉ በፊት እንዳልሆነ ነገራቸው። በሌላ ወገን ባህል ላይ ሲሠራ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ በእያንዳንዱ ጸሎት፣ በእያንዳንዱ ሻማ ይታያል።

ቴቭዬን የሚጫወተው ማን ነው? ሽማግሌ ነው?

ኻይም ቶፖል፣ የቴል አቪቭ ልጅ። ፊልሙ ሲቀረጽ ዕድሜው 35 ገደማ ነበር! ለጎረምሳ ጉልበቱ የሽማግሌ ትከሻ ሰጥቶታል፤ አረማመዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ብሮድዌይ ላይ ሚናውን የጀመረውና የነገሠበት ዜሮ ሞስተል ነበር፤ ብዙዎች ፊልሙም የሱ ይሆናል ብለው ጠብቀዋል። ሞስተል ትልቅ ኮሜዲያን ነው፤ ነገር ግን ካሜራ ፊት ለፊት ሲመጣ ኮሜዲያኑ ሰውየውን ይሸፍነው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቶፖል በለንደን መድረክ በ1967 ቴቭዬን ተጫውቶ ነበር፤ ከፊልሙም በኋላ እስከ እርጅናው ድረስ በዓለም ዙሪያ ሲጫወተው ኖረ፣ ከ3,500 ጊዜ በላይ። በ2023 አረፈ።

ምስሉ ለምን እንዲህ ቡናማ ነው? ቅጂው አርጅቶ ነው?

አላረጀም። ካሜራውን የያዘው ኦስዋልድ ሞሪስ ቡናማ የሴት ስቶኪንግ ሌንሱ ላይ ወጥሮ ነው የቀረጸው፤ ሁሉ ነገር የአፈር ቀለም እንዲይዝ። ሰማዩ በጣም ብሩህ በሆነባቸው ትዕይንቶች ላይ አተኩራችሁ ብታዩ የስቶኪንጉ መረብ ይታያል። ለዚህ ሥራው ኦስካር ተሸልሟል። ፊልሙ በስምንት ዘርፍ ታጭቶ ሦስት ወሰደ፤ የቀሩት ሁለቱ ለድምፅና ሙዚቃውን ለፊልም አሰናድቶ ላቀናበረው ጆን ዊልያምስ ናቸው። ዊልያምስ በኋላ የብዙ ትልልቅ ፊልሞች ሙዚቃ ደራሲ ሆኖ ዓለም አወቀው፤ የመጀመሪያ ኦስካሩ ግን ይህ ነው።

የተቀረጸው በዩጎዝላቪያ፣ ዛሬ ክሮኤሽያ በሆነው ክፍል በዛግሬብ አካባቢ ነው። በረዶ ያለበት ትዕይንት ሲፈለግ በረዶው አልመጣ ብሎ የእብነ በረድ ዱቄት አስመጥተው በትነዋል።

የትኛውን ትዕይንት ተዘጋጅቼ ልጠብቅ?

በሠርጉ ላይ ወንዶቹ ጠርሙስ ባርኔጣቸው ላይ አቁመው በጉልበታቸው እየሄዱ የሚጨፍሩትን። ሮቢንስ ከአይሁድ ሠርግ ካያቸው ጭፈራዎች ተነስቶ የፈጠረው ነው፤ ዛሬ በእውነተኛ ሠርጎች ላይ ሳይቀር ይጨፈራል። ጠርሙሶቹን ስታዩ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ።

የኔ ምርጫ ግን ጭፈራ የሌለበት ነው። ቴቭዬ ልጆቹ ሁሉ ስለ ፍቅር ሲያወሩ ሰምቶ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ትወጂኛለሽ?» ይላታል። ጎልዴ «ምን ነካህ? ሆድህን አሞሃል እንዴ?» ዓይነት መልስ ትሰጠዋለች። ከተጋቡ 25 ዓመታቸው ነው፤ በሠርጋቸው ቀን ነው የተያዩት። ልብሱን አጥባለች፣ ምግቡን አብስላለች፣ ላሚቱን አልባለች፣ ልጆቹን ወልዳለች፤ እየቆጠረች ትነግረዋለች። እሱ ግን አይለቃትም። ቆጥራ ቆጥራ መልሱ ላይ ስትደርስ ፊቷን እዩት። ኖርማ ክሬን ናት ይህን የተጫወተችው። ፊልሙ በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተች፤ ገና ወጣት ነበረች።

ለእኛ ምን ያገናኘዋል?

ይህን የሚጠይቁኝ ካዩት በኋላ ሲመለሱ ጥያቄውን ይረሱታል። ሆኖም ነገሩ ሁሉ «ልክ እንደኛ» ነው የሚለውን አልወደውም። ለምሳሌ የንቴ የምትባለዋ የመንደሩ ትዳር አገናኝ የኛን ሽማግሌ አትመስልም። ሽማግሌ የወንዱ ወገን የሚልከው፣ በክብር ቆሞ የሚለምን ነው፤ የንቴ ደላላ ናት፣ ከተሳካ ትበላለች። ገንዘቡም እንደ ጥሎሽ ከወንዱ ሳይሆን ከሴቷ ቤት ነው የሚወጣው።

በእውነት የሚያገናኘን ሌላ ነው። ቅዳሜን ከነ ስሟ ሰንበት ብሎ ለሚያከብር ሰው፣ የዓርብ ምሽቱ ጥድፊያ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የጎልዴን ሻማዎች ከኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ከእግዜር ጋር እንደ ጎረቤት እየተሟገተ የሚኖር ሰውም ባዕድ አይደለም። እናቴን አስቀምጬ እየተረጎምኩ ሳሳያት ቴቭዬ ወደ ሰማይ ሲያጉረመርም «ይሄ ሰውዬ ደፋር ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ «ግን እኮ እውነቱን ነው» ብላ ጨመረች።

ሦስት ሰዓት ነው! ልጆችስ ማየት ይችላሉ?

ጁዊሰን ራሱ መሐል ላይ ዕረፍት አስቀምጦለታል፤ እዚያ ላይ አቁማችሁ ቡና አፍሉ፣ ወይም ሌላኛውን ክፍል ለነገ አሳድሩት። አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም ዕድሜ ተብሎ የተፈቀደ ነው። ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት ቴቭዬ የፈጠረውን የሕልም ትዕይንት ነው፤ የላዛር ቮልፍ የሞተች ሚስት ከመቃብር እየበረረች ትመጣለች። አስቂኝ ነው፣ ግን ማታ ላይ አታሳዩአቸው። አደራ፣ በዋናው ድምፅ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር እዩት፤ የቶፖልን ድምፅ የሚተካ የለም።

የማይጥምህ ነገር የለም?

አለ። ፐርቺክ ሲናገር አብዮተኛ ሳይሆን በራሪ ወረቀት የሚያነብ ይመስለኛል። ከኻቫ ጋር የሚመጣው የጥላ ጭፈራ የመድረክ ቅሪት ነው፤ ያለሱም በቂ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሠርጉን ቤት የሚያፈርሱት ሰዎች ጥቃት ከታሪኩ ጋር ሲነጻጸር ለስልሷል። በ1905 በኦዴሳና በኪየቭ የሆነው ፖግሮም (በአይሁዶች ላይ የተነሳ የጅምላ ጥቃት) ሰው ያለቀበት ነው፤ ሾለም አሌይኼም ራሱ የኪየቩን አይቶ ነው አገሩን ጥሎ የወጣው። ፊልሙ የሰበረው ሳህንና የቀደደው ትራስ ነው። ይልቅ እውነቱን የያዘው የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ ነው። ከቴቭዬ ጋር ይቀልዳል፣ ያከብረዋል፣ «ትንሽ ረብሻ ይኖራል» ብሎ አስቀድሞ ይነግረዋል፣ ከዚያ ትእዛዝ ነው ብሎ ይፈጽመዋል። በጥፊ ከሚመታ ሰው ይልቅ እሱን ነው የምፈራው።

መጨረሻው ያሳዝናል ይባላል። ምን ይሆናል?

ትእዛዝ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ተሰጥቷቸዋል፣ ሸጠው ይውጡ። ስለ አናቴቭካ የሚዘፍኑት የመጨረሻ ዘፈን ውስጥ ውዳሴ የለም፤ ድስት፣ መጥረጊያ፣ ባርኔጣ ነው የሚቆጥሩት። ከዚያ ይበተናሉ። ላዛር ቮልፍ ወደ ቺካጎ፣ የንቴ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ጻይተልና ሞተል ወደ ፖላንድ፣ ቴቭዬ ከሚስቱና ከሁለቱ ትንንሽ ልጆች ጋር ወደ ኒው ዮርክ። ልጆቿ ዋሽንግተን፣ ዱባይና ቴል አቪቭ የተበተኑባት እናት ጎን ተቀምጦ ይህን ማየት ከባድ ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ኻቫና ባሏ ሊሰናበቱ ይመጣሉ። እነሱም ይህን ከሚያደርግ ሕዝብ ጋር አንኖርም ብለው ወደ ክራኮቭ ሊሄዱ ነው። ቴቭዬ ዕቃ ማሰሩን አያቋርጥም፣ ቀናም አይልም። ጻይተል እህቷን ስትሰናበት ግን በከንፈሩ ብቻ «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላል፤ ጻይተል ተቀብላ ጮክ ብላ ትደግመዋለች።

ከዚያ ጋሪውን ራሱ እየጎተተ ጭቃው ውስጥ ይሄዳል። ከኋላ ቫዮሊኑ ይሰማል። ቴቭዬ ዞር ብሎ ያየዋል፣ በራሱ ምልክት ይሰጠዋል፤ ቫዮሊንኛው መሣሪያውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ይከተለዋል።